የሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ኢንፌክሽንና የማኅፀን በር ካንሰር፦ በመያዝና በመታመም መካከል ያለው ጊዜ

መግቢያ

የማኅፀን በር ካንሰር ከብዙዎቹ የካንሰር ዓይነቶች የሚለይበት ነገር አለው። መንስኤው በሚገባ ታውቋል፤ መከላከያ ክትባት ተገኝቶለታል፤ ወደ ካንሰርነት ከመለወጡ ከብዙ ዓመታት በፊትም በቀላል መሣሪያ ሊታይና ሊወገድ ይችላል። ይህ ሁሉ እየታወቀ ግን እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ዙሪያ 660,000 ያህል ሴቶች በበሽታው እንደተያዙና 350,000 ያህል ሴቶች እንደሞቱበት ይገመታል። ከሞቱት መካከል ከ10 ከ9 የማያንሱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ነበሩ።

በአገራችን ሴቶች ዘንድ ይህ በሽታ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሁለተኛነትን ቦታ ይዟል። ለእ.ኤ.አ. 2020 የተሠራው ግምት በዓመቱ ከ7,000 በላይ አዳዲስ ሕሙማንና ከ5,000 በላይ ሟቾች እንደነበሩ ያሳያል። የሁለቱ ቁጥሮች መቀራረብ የሚያመለክተው አብዛኞቹ ሕሙማን ወደ ሕክምና የሚደርሱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ መሆኑን ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በቫይረሱ መያዝና በካንሰሩ መታመም አንድ አለመሆናቸውን ማብራራት፣ ከዚህም በመነሣት የጤና ባለሙያው ምን ማድረግ እንዳለበት ማመልከት ነው። በሁለቱ መካከል አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ያልፋል። የመከላከሉ ሥራ በሙሉ የሚከናወነው በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው። ልዩነቱ በውል ሳይታወቅ ሲቀር ሁለት ጉዳቶች ይከተላሉ። ቫይረሱ የተገኘባት ሴት ካንሰር እንደያዛት ቆጥራ በከንቱ ትጨነቃለች፤ ቅድመ ካንሰር ያለባት ሴት ደግሞ ምንም ሕመም ስለማይሰማት ሳትታከም ትቀራለች።

ቫይረሱና መተላለፊያው

በሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስና በማኅፀን በር ካንሰር መካከል ያለውን ግንኙነት ያረጋገጡት ጀርመናዊው ሐኪም ሃራልድ ሱር ሃውዘን ናቸው። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1983 ዓይነት 16ን፣ በ1984 ደግሞ ዓይነት 18ን ከማኅፀን በር ካንሰር ናሙና ለይተው አወጡ። ሱር ሃውዘን ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ቫይረሱ ከ200 በላይ ዓይነቶች ሲኖሩት 40 ያህሉ የመራቢያ አካልን ያጠቃሉ። እነዚህም በሁለት ይከፈላሉ። ዝቅተኛ አደጋ ያላቸው በተለይም 6 እና 11 የብልት ኪንታሮት የሚያስከትሉ ሲሆኑ ወደ ካንሰር አያመሩም ማለት ይቻላል። ከፍተኛ አደጋ ያላቸው ደግሞ 12 ያህል ናቸው። ከእነርሱ ውስጥ 16 እና 18 ብቻ በዓለም ላይ ከሚታየው የማኅፀን በር ካንሰር 70 በመቶ ያህሉን ያስከትላሉ። ስለዚህ ኪንታሮት ያለባት ሴት በኪንታሮቱ ምክንያት ካንሰር ይይዛታል ማለት አይደለም፤ ኪንታሮት የሌለባት ሴትም ከአደጋው ነፃ ናት ማለት አይቻልም።

ቫይረሱ የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ጊዜ በሚደረግ የቆዳና የስስ ልባስ ንክኪ ነው። ኮንዶም የመተላለፉን ዕድል ይቀንሳል እንጂ ያልተሸፈነው የአካል ክፍል ስለሚነካካ ፈጽሞ አያስቀረውም። ቫይረሱ እጅግ የተሠራጨ በመሆኑ የግብረ ሥጋ ግንኙነት የጀመሩ አብዛኞቹ ሴቶችና ወንዶች በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ይያዙበታል። በዕድሜዋ ሙሉ ከአንድ ባሏ ሌላ የማታውቅ ሴትም ልትያዝ ትችላለች።

ከኢንፌክሽን ወደ ካንሰር

የማኅፀን በር ውጫዊ ክፍል በጠፍጣፋ ሕዋሳት፣ ውስጣዊው ቦይ ደግሞ ዓምድ መሰል በሆኑ ሕዋሳት የተሸፈነ ነው። ሁለቱ የሚገናኙበትና አንዱ ወደ ሌላው የሚለወጥበት ሥፍራ የሽግግር ክልል ይባላል። አብዛኛው የማኅፀን በር ካንሰር የሚነሣው ከዚህ ክልል ነው። በጉርምስና ጊዜ የሽግግሩ ለውጥ ፈጣን ስለሆነ ሕዋሳቱ ለቫይረሱ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው።

ቫይረሱ በጥቃቅን ጭረቶች በኩል ገብቶ ከታች ያሉትን መሠረታዊ ሕዋሳት ይይዛል። ወደ ደም አይገባም፤ የያዘውን ሕዋስ ወዲያው አይገድልም፤ ጎልቶ የሚታይ ብግነትም አያስነሣም። በዚህ ምክንያት የሰውነት በሽታ ተከላካይ ኃይል ዘግይቶ ይነቃል። ቢዘገይም ግን በአብዛኛው ያሸንፋል፤ ከ10 ኢንፌክሽኖች ውስጥ 9 ያህሉ በ2 ዓመት ውስጥ ያለ ምንም ሕክምና ይጠፋሉ ወይም በምርመራ የማይገኙ ይሆናሉ።

አደጋው ያለው በቀሪዎቹ ላይ ነው። ከፍተኛ አደጋ ያለው ቫይረስ ለዓመታት ሲቆይ የዘር ቁሱ ከሕዋሱ የዘር ቁስ ጋር ሊቀላቀል ይችላል። ኢ6 የተባለው ፕሮቲኑ ፒ53 የተባለውን የሕዋሱን ጠባቂ ፕሮቲን ያስወግዳል፤ ኢ7 የተባለው ደግሞ አር.ቢ. የተባለውን ፕሮቲን ከሥራ ውጭ ያደርጋል። ሁለቱ ጠባቂዎች ከሌሉ ሕዋሱ የተበላሸ የዘር ቁሱን ሳያርም ያለ ገደብ ይባዛል። ለውጡ በመጀመሪያ በሽፋኑ ውስጥ ተወስኖ ይቆያል፤ ይህ ቅድመ ካንሰር የሚባለው ሲሆን እንደ ክብደቱ ከደረጃ 1 እስከ 3 ይመደባል። ደረጃ 1 በአብዛኛው የቫይረሱ መኖር ምልክት ብቻ ስለሆነ በራሱ ይጠፋል። ደረጃ 3 ግን እውነተኛ የካንሰር መነሻ ነው።

ደረጃ 3 ሳይታከም ቢቀር ምን እንደሚሆን የሚያሳይ አሳዛኝ ማስረጃ ከኒውዚላንድ ተገኝቷል። በኦክላንድ ከተማ በሚገኝ የሴቶች ሆስፒታል ቅድመ ካንሰር የተገኘባቸው አንዳንድ ሴቶች ያለ ፈቃዳቸው ተገቢው ሕክምና ሳይሰጣቸው በክትትል ብቻ እንዲቆዩ ተደርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1976 ባሉት ዓመታት ደረጃ 3 የተገኘባቸውን ሴቶች መዝገብ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ለምርመራ ናሙና ከመወሰዱ በቀር ሳይታከሙ ከቀሩት መካከል 31 በመቶ ያህሉ በ30 ዓመት ውስጥ ካንሰር ይዟቸዋል። በአግባቡ ከታከሙት መካከል ግን ካንሰር የያዛቸው ከ1 በመቶ በታች ነበሩ። ይህ ውጤት ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ያስተምራል፦ በሽታው ዝግተኛ ነው፤ ዝግተኛነቱ ግን በማከም ካልተጠቀምንበት አያድንም።

አደጋውን የሚጨምሩ ሁኔታዎች

ኢንፌክሽኑ እንዳይጠፋና ወደ ቅድመ ካንሰር እንዲያመራ የሚያግዙ ሁኔታዎች የሚከተሉት ናቸው፦

1. ኤች.አይ.ቪ. በደሟ ያለ ሴት በማኅፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከሌሎች በ6 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ተከላካይ ኃይሏ ስለተዳከመ ቫይረሱ ይቆያል፤ ከኢንፌክሽን እስከ ካንሰር ያለው ጊዜም ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊያጥር ይችላል። የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በጊዜ መጀመርና ሳያቋርጡ መውሰድ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ ምርመራን አይተካም።

2. በለጋ ዕድሜ የግብረ ሥጋ ግንኙነት መጀመር። ያለ ዕድሜ ጋብቻ ባልቀረባቸው አካባቢዎች ይህ የልጅቱ ምርጫ እንዳልሆነ መዘንጋት የለበትም።

3. የጓደኛ ብዛት፤ ይህም የሴቲቱ ብቻ ሳይሆን የባሏም ጭምር ነው።

4. ብዙ ጊዜ መውለድ፣ ትምባሆ ማጨስና ሌሎች የአባለዘር ኢንፌክሽኖች።

5. የእርግዝና መከላከያ እንክብሎችን ከ5 ዓመት በላይ መውሰድ። ይህ ግን መጠነኛ አደጋ ሲሆን እንክብሉ ሲቆም እየቀነሰ ይሄዳል። ያልታቀደ እርግዝና ከሚያስከትለው ጉዳት ጋር ሲመዛዘን እንክብሉን ለማስቆም ምክንያት አይሆንም።

ቅድመ ካንሰርን መፈለግ

ቅድመ ካንሰር ምንም ምልክት ስለሌለው የሚገኘው ሲፈለግ ብቻ ነው። የፓፕ ስሚር ምርመራ በበለጸጉ አገሮች የበሽታውን ሞት እጅግ ቢቀንስም፣ የሠለጠነ የሕዋስ መርማሪና ተደጋጋሚ ጉብኝት ስለሚጠይቅ በእኛ ሁኔታ በሰፊው ሊሠራበት አልቻለም። በጤና ተቋሞቻችን በይበልጥ የተለመደው በአሴቲክ አሲድ የሚደረግ የዓይን ምርመራ (ቪ.አይ.ኤ.) ነው። ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ በማኅፀን በር ላይ ተቀብቶ ከአንድ ደቂቃ በኋላ በጥሩ ብርሃን ይታያል። ከሽግግሩ መስመር ጋር የተያያዘ፣ ጠርዙ የተለየ፣ ደመቅ ያለ ነጭ ለውጥ ከታየ ውጤቱ አዎንታዊ ነው።

ቪ.አይ.ኤ. ርካሽ ነው፤ ውጤቱ ወዲያው ስለሚታወቅ በዚያው ቀን ለማከም ያስችላል። ደካማ ጎኑ በመርማሪው ዓይንና ልምድ ላይ መመሥረቱ ነው። በተጨማሪም ከማረጥ በኋላ የሽግግሩ ክልል ወደ ውስጠኛው ቦይ ስለሚገባ ለእነዚህ ሴቶች ምርመራው አስተማማኝ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የቫይረሱን የዘር ቁስ የሚፈልገው ምርመራ በቀዳሚነት እንዲሠራበት መክሯል። ይህ ምርመራ ከቪ.አይ.ኤ. ይልቅ ቅድመ ካንሰርን አያመልጥም፤ ሴቲቱ ራሷ ናሙናውን ልትወስድ ትችላለች፤ ለሳንባ ነቀርሳ በምንጠቀምበት የጂን ኤክስፐርት መሣሪያም ሊሠራ ይችላል። በመመሪያው መሠረት ምርመራው ከ30 ዓመት ጀምሮ በየ5 እስከ 10 ዓመቱ ይደረጋል። ኤች.አይ.ቪ. በደሟ ላለ ሴት ግን ከ25 ዓመት ጀምሮ በየ3 እስከ 5 ዓመቱ ይሆናል።

ምርመራው በ20ዎቹ መጀመሪያ ለምን እንደማይመከር ከላይ ከተገለጸው ግልጽ ነው። በዚያ ዕድሜ የሚገኘው ኢንፌክሽን አብዛኛው በራሱ የሚጠፋ ነው። ሁሉንም ማከም ሊወልዱ የሚፈልጉ ወጣት ሴቶችን ያለ ጥቅም ለጭንቀትና ለጉዳት መዳረግ ይሆናል።

ውጤቱን ለሴቲቱ ስለ መንገር

በአገራችን «ቫይረስ» የሚለው ቃል ብቻውን ሲነገር ሰሚው የሚረዳው ኤች.አይ.ቪ.ን ነው። «ቫይረሱ ተገኝቶብዎታል» የተባለች ሴት ከዚያ በኋላ የሚነገራትን አንዱንም ላትሰማ ትችላለች። ደንግጣ ወደ ቤቷ ከሄደችና ለሕክምና ካልተመለሰች ምርመራው ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ስለዚህ ምክሩ ከናሙና መውሰድ በፊት መጀመር አለበት። ውጤቱም ሲነገር እንዲህ ባለ አነጋገር ቢሆን ይመረጣል፦

«ምርመራው የማኅፀን በርን የሚያጠቃ፣ ብዙ ሰው ሳያውቀው ይዞት የሚያልፍ ተሕዋስ እንዳለ አሳይቷል። ይህ ኤች.አይ.ቪ. አይደለም። ካንሰርም አለብዎት ማለት አይደለም። በብዙ ሴቶች ላይ በራሱ ይጠፋል፤ በጥቂቶች ላይ ግን ቆይቶ ሊያስቸግር ስለሚችል ዛሬ ተጨማሪ እንመለከትዎታለን። የሚታከም ነገር ካለም ሳይከብድ እናክመዋለን።»

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ከማን ያዘኝ?» የሚል ነው። ቫይረሱ ለዓመታት ተደብቆ ሊቆይ ስለሚችል መቼና ከማን እንደተያዘ በምንም ምርመራ አይታወቅም። አዎንታዊ ውጤት የባልም ሆነ የሚስት አለመታመን ማስረጃ አይደለም፤ ምልክት የሌለበት ባልም ለዚህ ተብሎ የሚሰጠው መድኃኒት የለም። ይህ በግልጽ ካልተነገረ የአንዲት ወረቀት ውጤት ትዳር ሊያፈርስ፣ ሴቲቱንም ለዱላ ሊዳርግ ይችላል።

የቅድመ ካንሰር ሕክምና

የተገኘው ለውጥ ሙሉ በሙሉ የሚታይ ከሆነ፣ ወደ ውስጠኛው ቦይ ካልዘለቀና የካንሰር ጥርጣሬ ከሌለ በጤና ጣቢያ ደረጃ በሠለጠነ ባለሙያ ሊወገድ ይችላል። ክራዮቴራፒ ሕዋሳቱን በማቀዝቀዝ የሚገድል ሲሆን 3 ደቂቃ በማቀዝቀዝ፣ 5 ደቂቃ በማቆየትና እንደገና 3 ደቂቃ በማቀዝቀዝ ይሰጣል። የጋዝ አቅርቦት በሚያስቸግርበት ሥፍራ በሙቀት የሚያስወግደው መሣሪያ ይመረጣል፤ ይህ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይሠራል፤ በባትሪ የሚሠራም አለው። ለውጡ ሰፊ ከሆነ ወይም ወደ ቦዩ ከዘለቀ በኤሌክትሪክ ሽቦ ቆርጦ ለማውጣት ወደ ሆስፒታል ይላካል። ካንሰር የተጠረጠረበት የማኅፀን በር በብርድም ሆነ በሙቀት ፈጽሞ አይታከምም፤ ናሙና ተወስዶ ይመረመራል።

ከሕክምናው በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ውኃ መሰል ፈሳሽ እንደሚኖር፣ ለ4 ሳምንት ያህልም ከግብረ ሥጋ ግንኙነት መቆጠብ እንደሚገባ ሊነገራት ይገባል። ይህ የማይሆንላት ከሆነ ኮንዶም ይሰጣታል። ከ12 ወር በኋላም እንደገና ትታያለች።

ምልክት ይዛ የምትመጣ ሴት

ምርመራ ያላገኙ ሴቶች ወደ እኛ የሚመጡት ደም ማየት ሲጀምሩ ነው። ከግብረ ሥጋ ግንኙነት በኋላ የሚታይ ደም፣ በወር አበባ መካከል ወይም ከማረጥ በኋላ የሚመጣ ደም፣ መጥፎ ጠረን ያለው ፈሳሽ ዋና ዋናዎቹ ምልክቶች ናቸው። የወገብና የዳሌ ሕመም፣ የአንድ እግር እብጠት፣ የሽንት መቀነስ ወይም ያለፈቃድ መፍሰስ የበሽታውን መስፋፋት ያመለክታሉ።

እዚህ ላይ ሊታረም የሚገባው ልማድ አለ። ፈሳሽ ወይም ደም አለኝ የምትል ሴት ማኅፀኗ በር ሳይታይ የአባለዘር በሽታ መድኃኒት ተሰጥቷት ትሰናበታለች፤ ሳይሻላት ስትመለስም መድኃኒቱ ይደገምላታል። በዚህ መካከል በቀዶ ሕክምና ሊድን የሚችለው በሽታ ከዚያ ደረጃ ያልፋል። እንዲህ ያለ ምልክት ያላት ሴት ሁሉ በስፔኩለም መታየት አለባት። ይህ ልዩ ሙያ አይጠይቅም፤ ጥቂት ደቂቃ፣ ብርሃንና የሴቲቱን ክብር የሚጠብቅ መጋረጃ ግን ይጠይቃል።

ገና በመጀመሪያ ደረጃ የተገኘ ካንሰር በቀዶ ሕክምና ይድናል። በአካባቢው የተስፋፋው ከሲስፕላቲን ጋር በተጣመረ የውጭና የውስጥ ጨረር ይታከማል። የጨረር ሕክምና በአገራችን ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለነበር ተራ የሚጠብቁ ሴቶች በሽታቸው እየገሰገሰ ይቆዩ ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በክልል ሆስፒታሎችም አገልግሎቱ መጀመሩ ተስፋ የሚሰጥ ነው። መዳን ለማይቻላቸው ደግሞ ሞርፊንን ጨምሮ የሕመም ማስታገሻ መስጠት፣ ቁስልና ጠረን መንከባከብ የሕክምናው አካል እንጂ የሕክምና መቋረጥ አይደለም።

ክትባት

የመጀመሪያው ክትባት እ.ኤ.አ. በ2006 በሥራ ላይ ዋለ። ክትባቱ የተሠራው ከቫይረሱ የውጭ ቅርፊት ፕሮቲን ብቻ ነው፤ የዘር ቁስ ስለሌለው ኢንፌክሽንም ሆነ ካንሰር ሊያመጣ አይችልም። መካንነት ያስከትላል የሚለውም ወሬ መሠረት የለውም። እንዲያውም ካልታከመ ካንሰርና ከከባድ ቀዶ ሕክምና በማዳን የመውለድ ተስፋን የሚጠብቅ ነው። ወላጆች ይህን ሲጠይቁ ጥያቄውን ከማጣጣል ይልቅ በትዕግሥት ማስረዳት ይገባል።

ክትባቱ ቀድሞ የገባን ቫይረስ አያስወግድም፤ ስለዚህ የሚጠቅመው ከግብረ ሥጋ ግንኙነት በፊት ሲሰጥ ነው። በእንግሊዝ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ይህን በጉልህ አሳይቷል። በ12 እና 13 ዓመታቸው ክትባቱ በቀረበላቸው ሴቶች ላይ የማኅፀን በር ካንሰር በ87 በመቶ ሲቀንስ፣ ከ14 እስከ 16 ዓመት በቀረበላቸው ላይ በ62 በመቶ፣ ከ16 እስከ 18 ዓመት በቀረበላቸው ላይ ደግሞ በ34 በመቶ ብቻ ቀንሷል።

በኢትዮጵያ ክትባቱ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በሁለት መጠን መሰጠት ተጀመረ። በኬንያ የተካሄደ ጥናት አንድ መጠን በዓይነት 16 እና 18 ከሚመጣ ዘላቂ ኢንፌክሽን በ18 ወር ክትትል 97.5 በመቶ እንደሚከላከል አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ከ9 እስከ 20 ዓመት ላሉ ሴቶች አንድ መጠንን እንደ አማራጭ ተቀበለ። በኅዳር 2017 ዓ.ም. በአገራችን በተካሄደው ዘመቻ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጃገረዶች በአንድ መጠን ተሰጥቷል። ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ያለ ልጃገረዶች ግን ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት መጠን ያስፈልጋቸዋል። ከትምህርት ቤት ውጭ ያሉ ልጃገረዶች ዋነኞቹ ተጋላጮች ስለሆኑ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሊፈልጓቸው ይገባል። የተከተበችም ሴት ዕድሜዋ ሲደርስ መመርመሯ አይቀርም፤ ክትባቱ ሁሉንም ዓይነቶች አይሸፍንምና።

ማጠቃለያ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ ያደረገው ዕቅድ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ 90 በመቶ ልጃገረዶች 15 ዓመት ሳይሞላቸው እንዲከተቡ፣ 70 በመቶ ሴቶች በ35 እና በ45 ዓመታቸው እንዲመረመሩ፣ በሽታው ከተገኘባቸው 90 በመቶው እንዲታከሙ ይጠይቃል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሌሎቹ ሙሉ ፍሬ አይሰጡም። በተለይም ሕክምና ያልተከተለው ምርመራ ለሴቲቱ ሥጋትን እንጂ ጤናን አይጨምርም።

በማኅፀን በር ካንሰር የምትሞት ሴት ብዙ ጊዜ የቤቷ ምሰሶ በሆነችበት ዕድሜ ላይ ያለች እናት ናት። ከመሞቷ በፊት በነበሩት ዓመታት ለቅድመ ወሊድ ክትትል፣ ልጅ ለማስከተብ፣ ለቤተሰብ ዕቅድ ወይም የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒቷን ለመውሰድ ወደ ጤና ተቋም ደጋግማ መጥታለች። ስለዚህ ዕድሜዋ ከ30 በላይ የሆነችን ሴት ሁሉ፣ ለየትኛውም አገልግሎት ትምጣ፣ «የማኅፀን በር ምርመራ አድርገው ያውቃሉ?» ብሎ መጠየቅ የእያንዳንዱ ባለሙያ ሥራ ሊሆን ይገባል። አላደረግሁም ካለች ምርመራውን በዚያው ቀን ማድረግ፣ ካልተቻለም ቀን ቆርጦና የምትሄድበትን ክፍል አሳይቶ መላክ ያስፈልጋል።